የእህቴ ልጅ፣ እርጎውን ከመስጠትሽ በፊት

የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብሁት። ጥያቄሽ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አክስትሽ ከዋሽንግተን የላከችውን የፕሮባዮቲክ (ሕያው ባክቴሪያ የያዘ) እንክብል ለእናትሽ ልስጣት ወይስ ይቅር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ከወተት የሚገኘው ባክቴሪያ ካንሰርን ያጠፋል ተብሏል» እያለ የሚያቀብልሽን የገጠር እርጎ ምን ላድርገው የሚል ነው። መልሱን ብቻ ከፈለግሽ አጭር ነው፤ ኬሞው እስኪያልቅ እንክብሉንም ጥሬውን እርጎም አትስጫት። ሁለቱም እቤት እንዳሉ ግን ለሐኪሟ ንገሪ። ነገር ግን አውቅሻለሁ፤ ምክንያቱ ካልተነገረሽ እሺ አትይም። እኔም ዕድሜዬን ወተት ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝና ስለ እርጎ ባጭሩ መናገር አይሆንልኝም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ነገር ጠያቂዎችሽን አትናቂያቸው። የሚሉት ነገር ሥር አለው፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ይበልጣል። በ1905 ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ወጣት ቡልጋሪያዊ ጄኔቫ ላይ ሆኖ የአገሩን እርጎ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ወተቱን የሚያረጋውን ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ አገኘ። ነገሩ ፓሪስ፣ ፓስተር ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረውን ኤሊ ሜችኒኮፍን ማረከው። ሜችኒኮፍ ቀላል ሰው አልነበረም። ነጭ የደም ሕዋሳት ወራሪ ተውሳክን ውጠው እንደሚያጠፉ ያሳየ፣ በ1908ም ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሊቅ ነው። ይህ ሰው እርጅና የሚመጣው በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚበሰብሰው ነገር ነው፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚጠግቡትም እርጎ ስለሚጠጡ ነው ብሎ አመነ፤ መጽሐፍም ጻፈበት። ራሱም የረጋ ወተት አዘውትሮ ይጠጣ ነበር። የሞተው በ71 ዓመቱ ነው። ለዘመኑ ክፉ ዕድሜ አይደለም፤ ተአምርም ግን አይባልም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች አንድ የሚያሳዝን ነገር አገኙ። ያ የቡልጋሪያ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ጎጆ አይቀልስም። ትጠጪዋለሽ፣ ያልፋል፣ መጠጣቱን ስታቆሚ ይጠፋል። ዛሬ በእንክብል የሚሸጡትም ብዙዎቹ እንደዚያው አላፊ እንግዶች ናቸው። ሲያልፉ ምንም አይሠሩም ማለቴ ግን አይደለም። ለምሳሌ ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ሲጠጣ ብዙም አይቸገርም፤ ሕያው የሆኑት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ለማብላላት ያግዙታልና። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 ይህንን መርምሮ ተቀብሎታል። በዚያው ሰሞን የቀረቡለትን ሌሎች የፕሮባዮቲክ ውዳሴዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ማስረጃ ጎደላቸው ብሎ መልሷቸዋል።

አሁን ጠያቂዎችሽ የማያውቁትን፣ ብዙ የተማረ ሰውም ልብ ያላለውን ልንገርሽ። ከወተት የወጣ ባክቴሪያ በእርግጥ ካንሰርን ያክማል። የእርጎው ባክቴሪያ ግን አይደለም። አንቺም በሕፃንነትሽ ወስደሽዋል፤ ጠባሳው ክንድሽ ላይ አለ። ቢሲጂ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ (የቲቢ) ክትባቱ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤድሞን ኖካር የሚባል ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም፣ ጡቷ በቲቢ ከታመመ ላም ወተት ውስጥ የላም ነቀርሳ ባክቴሪያ ለይቶ አውጥቶ ነበር። አልበር ካልሜትና ካሚይ ጌራን ሊል ከተማ ባለው የፓስተር ተቋም ያንን ባክቴሪያ ወስደው ከ1908 ጀምሮ የበሬ ሐሞት በገባበት ድንችና ግሊሰሪን ላይ ያሳድጉት ጀመር። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ወደ አዲስ ድንች እያዛወሩ 13 ዓመት ቆዩበት፤ 230 ጊዜ ያህል አዛወሩት። በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሊልም በጀርመን ጦር ተያዘች፤ እነሱ ግን ድንቹን አልተዉም። በመጨረሻ ባክቴሪያው ሕይወቱ ሳይጠፋ ክፋቱ ጠፋ። በ1921 ፓሪስ ውስጥ እናቱን የሳንባ ነቀርሳ ለነጠቀው አንድ አራስ ሕፃን ሰጡት፤ የሰጡትም እንደ ዛሬው በመርፌ ሳይሆን በአፉ ነበር።

ከ55 ዓመት በኋላ አልቫሮ ሞራሌስ የሚባል ሐኪም ካናዳ፣ ኪንግስተን ላይ ይህንኑ ባክቴሪያ የሽንት ፊኛ ካንሰር ባለባቸው 9 ሕሙማን ላይ ሞከረው። የዕጢው መመላለስ ቀነሰ። በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኖ ከጸና በኋላ በ1990 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ወደ ፊኛው ጡንቻ ላልዘለቀና ይመለሳል ተብሎ ለሚያሰጋ ዕጢ ዛሬም ሐኪሞች በአብዛኛው የሚይዙት እሱን ነው።

አሰጣጡን ልብ ብለሽ እይው። ዕጢው መጀመሪያ በመሣሪያ ይፋቃል። ከዚያ ባክቴሪያው በፈሳሽ ተበጥብጦ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ፊኛው ውስጥ ይገባል፤ ታማሚው ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቆያል፤ ይህም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ይደረጋል። ባክቴሪያው የፊኛውን ግድግዳ ያስቆጣዋል፣ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በዚያ ቁጣ ተጠርተው ይመጣሉ፣ ሲመጡም የቀረውን ዕጢ አብረው ያጠቁታል። ሽንት ያቃጥላል፣ ትኩሳት ያመጣል፤ አልፎ አልፎም ባክቴሪያው ወደ ደም ዘልቆ ሰውን ክፉኛ ያሳምማል። ለጡት ካንሰር አይሰጥም፤ እናትሽን ለያዛት ለትልቁ አንጀት ካንሰርም አይሰጥም። ቢጠጡትም ፊኛን አያክምም።

ሕያው ነገር በእጅ መያዝ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅም ይኸው ቢሲጂ አስተምሯል። በ1930 ጀርመን ውስጥ በሉቤክ ከተማ ላቦራቶሪ ላይ ክትባቱ ከእውነተኛው የነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር ተደባልቆ ለአራስ ሕፃናት ተሰጠ። ከ70 በላይ የሚሆኑት ሞቱ።

ይህን ሁሉ ያወራሁልሽ ጥያቄሽን እንድታስተካክዪ ነው። «ባክቴሪያ ካንሰርን ይረዳል ወይ» ተብሎ ከተጠየቀ መልስ አይገኝለትም። የትኛው ባክቴሪያ፣ ለየትኛው ካንሰር፣ በየት በኩል ገብቶ፣ ከየትኛው ሕክምና ጋር፣ በማን ላይ ተሞክሮ ብለሽ ከጠየቅሽ ግን ወሬውና ዕውቀቱ በራሳቸው ጊዜ ይለያያሉ።

እስቲ በዚህ ዓይን የእርጎውን ዘመዶች እንያቸው። ጃፓናዊው ሚኖሩ ሺሮታ በ1930 ኪዮቶ ላይ የጨጓራን አሲድና የሐሞትን ምሬት ተቋቁሞ የሚያልፍ ላክቶባሲለስ ለየ፤ ከ1935 ጀምሮም በወተት እየተራባ ያኩልት ተብሎ ይሸጥ ጀመር። የጃፓን ሐኪሞች ይህንን ባክቴሪያ በዱቄት መልክ አዘጋጅተው የፊኛ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለተነሣላቸው ሰዎች ሰጡ። በ1995 የወጣው ጥናት 138 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ዱቄቱን በወሰዱት ዘንድ ዕጢው ቶሎ አልተመለሰም። በ2008 ደግሞ 202 ሰዎችን የያዘ ሌላ ጥናት ወጣ። ሁሉም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኤፒሩቢሲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት ፊኛቸው ውስጥ ተደርጎላቸዋል፤ ግማሾቹ በላዩ ላይ ዱቄቱን ወሰዱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ዕጢው ሳይመለስባቸው የቆዩት ዱቄቱን ከወሰዱት 74.6 ከመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 59.9 ከመቶ ሆኑ።

ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ወሬ አውሪው ግን እዚህ ላይ ያቆማል፤ አንቺ ቀጥለሽ አንብቢ። ካንሰሩ ወደ ጥልቁ ሥጋ በመዝለቅም ሆነ በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ደግሞም ዱቄቱ የተሰጠው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም። የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ምን ነው ብትይኝ ይኸው ነው፤ ከእርጎው ዘመድ ባክቴሪያዎች ጋር ተያይዘው በካንሰር ሕሙማን ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል እኔ የማውቃቸው ደህና ውጤት ያሳዩት ሁሉ ባክቴሪያውን ረዳት አድርገው የያዙት ናቸው። «ኬሞውን ተዪና እርጎ ጠጪ» የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ በሩን አሳዪው።

ስለ እናትሽ ሕመም የሚቀርበውን ልንገርሽ። እዚያው ጃፓን ውስጥ ከትልቁ አንጀታቸው ዕጢ የተነሣላቸውን 398 ሰዎች ይዘው የሺሮታን ባክቴሪያ ለአራት ዓመት ሞከሩ፤ ውጤቱ በ2005 ወጣ። አዲስ የሚበቅለው ዕጢ ቁጥር አልቀነሰም። ከበቀሉት መካከል ግን ወደ ክፋት ያደሉት ባክቴሪያውን በወሰዱት ዘንድ አነስ ብለው ተገኙ። ኢጣሊያ ውስጥ ደግሞ 45,241 ሰዎችን ለ12 ዓመት ተከታትለው በ2011 እንደጻፉት፣ እርጎ አብዝተው የሚበሉት ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 35 ከመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ደስ ይላል። ነገር ግን እርጎ አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሌላውም ነገር ከማይበላው ይለያል፤ ምናልባት አያጨስ ይሆናል፣ ምናልባት አትክልት ያበዛል። ተመራማሪዎቹ ይህን በሒሳብ ለማጥራት ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠራም። በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምስ? የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 የወተት ተዋጽኦ የትልቁን አንጀት ካንሰር ሳይቀንስ አይቀርም ብሎ ሲጽፍ አንዱ ምክንያት ካልሲየሙ ነው፤ ካልሲየም ደግሞ በፈላው ወተትም ውስጥ አለ። ከዚህ ሌላ ይህ ሁሉ ስለመከላከል ነው። ጤነኛ ሰው ለዓመታት የበላው ነገርና ዛሬ ኬሞ ላይ ያለች ሴት ልትወስደው የሚገባት ነገር አንድ አይደሉም።

ላቦራቶሪ ውስጥ የእርጎ ባክቴሪያ የካንሰር ሕዋስን ገደለ የሚል ዜና ካጋጠመሽ አትደነቂ። በሳህን ላይ የተዘራ የካንሰር ሕዋስ ለመግደል ኮምጣጤም ይበቃል። ሳህን ሰው አይደለም።

ባክቴሪያው ለካንሰር ሕሙማን የጠቀመበትን ቦታ ካልነገርሁሽ ግን አድሎ ይሆንብኛል። ፊንላንድ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ኬሞ የሚወስዱ 150 ሰዎች ላይ በተሠራና በ2007 በወጣ ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የሚባለውን ከወሰዱት መካከል ጽኑ ተቅማጥ የያዛቸው 22 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 37 ከመቶ ነበሩ። ተቅማጥ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ሰውነትን አድርቆ ኬሞውን እስከማስቋረጥ ይደርሳል። ከእምብርት በታች ጨረር በሚታከሙ ሰዎችም ላይ ተመሳሳይ ተስፋ ታይቷል። ስለዚህ የእናትሽ ሐኪም ራሱ አንድ የታወቀ ዓይነት መርጦ ቢያዝላት አትቃወሚ። እኔ የምቃወመው ያልታዘዘውን ነው።

የአክስትሽ እንክብል ታዲያ ምን ያደርጋል? መልእክትሽ ላይ የጻፍሽልኝን ስም አይቼዋለሁ፤ አሥር ዓይነት ባክቴሪያ፣ ሃምሳ ቢሊዮን ምናምን ይላል። ብዛቱ አያስደንቅሽ። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ነገር የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሽታ ላይ እንደሚሠራ እንዲያረጋግጥ አይገደድም። የፊንላንዶቹ ባክቴሪያ ያሳየውን ጥቅም በሌላ ባክቴሪያ ጠርሙስ ላይ መለጠፍም አይቻልም። ሁለቱም ላክቶባሲለስ መባላቸው ዘመዳሞች ያደርጋቸዋል እንጂ አንድ አያደርጋቸውም፤ የአንድ አባት ልጆች ሆነው አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሰካራም እንደሚወጡት ማለት ነው።

ጉዳት እንኳ የለውም ብለሽ ታስቢ ይሆናል። በ2021 በቴክሳስ የኤም ዲ አንደርሰን ተመራማሪዎች ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ጥናት አወጡ። ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ የሚያነሣሣ ሕክምና) የሚወስዱ ሕሙማን ምን እንደሚበሉ ጠየቁ። ፋይበር ያለው ምግብ የሚያዘወትሩት ሕክምናው በተሻለ ይዞላቸዋል፤ በቀን በእያንዳንዱ 5 ግራም የፋይበር ጭማሪ ካንሰሩ የመባባስ ወይም የመሞት ዕድል 30 ከመቶ ያህል እየቀነሰ ሄዷል። ከሱቅ የተገዛ ፕሮባዮቲክ ግን ምንም ጥቅም አልታየለትም። አይጦች ላይ ሲሞከርማ ጭራሽ ሕክምናውን አዳከመው። ከሁሉም የተሻሉት ፋይበር የሚበሉና እንክብል የማይወስዱት ነበሩ። ይህ ስለ ሌላ ካንሰርና ስለ ሌላ ሕክምና ነው፤ በእናትሽ ላይ እንዳለ አልዘረጋውም። እንክብል ሁሉ ምንም አይጎዳም የሚለውን እምነት ለመናድ ግን ይበቃል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ሰዎች አንድ የሚገርም ነገር አሳይተው ነበር። ጤነኛ ፈቃደኞች አንቲባዮቲክ ወሰዱ፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያም ተመናመነ። ምንም ሳይወስዱ የተተዉት በሦስት ሳምንት ገደማ የራሳቸው ባክቴሪያ ተመለሰላቸው። አሥራ አንድ ዓይነት ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ግን ወራት ፈጀባቸው። ገቢው ቦታውን ይዞ ባለቤቱን ከለከለው። እናትሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት ዓይነት አንቲባዮቲክ እንደወሰደች አንቺ ታውቂያለሽ።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል፤ ሜችኒኮፍ ያያቸው እነዚያ ተውሳክ ዋጮች እናትሽ ደም ውስጥ በየዙሩ ይመናመናሉ። የአንጀቷም ግድግዳ በመድኃኒቱ ይቆስላል። በዚህ ጊዜ ለጤነኛ ሰው ቅዱስ የሆነው ላክቶባሲለስ ቁስሉን አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ግን አጋጥሞ ሰው ያሳመመበት ጊዜ ተመዝግቧል። ብዙ የካንሰር ሕክምና ማዕከሎች ነጭ ሕዋሱ የወረደበትን ሰው ፕሮባዮቲክ እንዳይወስድ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት ስለሚሰጥ ፕሮባዮቲክ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አቅም ላነሰው ሰው ሕያው ነገር ሁሉ እኩል ወዳጅ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ገጠሩ እርጎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ይሆናል። በወይራ በታጠነ ቅል የረጋ እርጎ መዓዛውን ሳስበው ዛሬም አፌ ምራቅ ይሞላል። ጭሱም ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የመበላሸቱን ፍጥነት እንደሚያዘገይ በላቦራቶሪ አይተነዋል። ነገር ግን ያ እርጎ የረጋው ካልፈላ ወተት ነው። በ2012 የወጣ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ የወተት እርባታዎች ውስጥ ከተመረመሩት ላሞች 30 ከመቶ የሚሆኑት የላም ነቀርሳ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ያውም ካልሜትና ጌራን ክፋቱን ለማውጣት 13 ዓመት የለፉበት ያው ባክቴሪያ፣ ከነክፋቱ። ብሩሴሎሲስ አለ፣ ሊስቴሪያ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በእርጎ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት መርምረዋል። አሲዱ ብዙዎቹን ያዳክማል፤ ወዲያው ግን አይጨርሳቸውም። «ረግቷልና ንጹሕ ነው» ማለት ለአንቺ ያስኬድ ይሆናል፣ ለእናትሽ አያስኬድም።

በወተታችን ውስጥ ማፍላት እንኳ የማያጠፋው ሌላ ነገር አለ፤ ይህም ከካንሰር ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከእርጎ ባክቴሪያ ይልቅ የጠነከረ ነው። የኑግ ፋጉሎ በእርጥበት ሲከማች ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፣ ላሟ ፋጉሎውን ስትበላ ጉበቷ መርዙን ለውጦ ወደ ወተቷ ይልከዋል። አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ያለ ጥርጥር የታወቀ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ አግኝቶታል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያላለፉት 9ኙ ብቻ ነበሩ። አንዳንድ የወተት ባክቴሪያዎች ይህንን መርዝ ከግድግዳቸው ጋር አጣብቀው እንደሚይዙ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ጥሩ ምርምር ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ስለ ወተትና ካንሰር በአገራችን የሚደከም ድካም ካለ መጀመሪያ ፋጉሎውን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። ለዚህ የሚያጨበጭብ ሰው የለም እንጂ ብዙ ጉበት ያድናል።

አሁን ወደ ወጥ ቤትሽ። ወተቱን እስኪንተከተክ አፍዪው፤ እንደሞቀ ወዲያው ከእሳት ላይ አታውርጂው። እናትሽ እርጎ አማረኝ ካለች ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ቀኑ ያላለፈበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ የቆየ እርጎ ግዢላት። እሱንም ነጭ ሕዋሷ በጣም በወረደበት ሳምንት ልስጣት ወይ ብለሽ ነርሷን ጠይቂ። ጥሬ አይብም፣ ከዚያው ከጥሬ ወተት የወጣ አሬራም ለጊዜው ይቆዩ። ጠያቂ ያመጣውን እርጎ እያመሰገንሽ ተቀበይ፤ እምቢ ብለሽ ሰው አታስቀይሚ። እናንተ ጠጡት።

እናትሽ ጾም ላይ ነኝ ብላ እርጎውን ብትመልስ ስለ እርጎው ብለሽ አትጨቃጨቂያት። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መፍቻ እንዳላት የንስሐ አባቷ ይንገሯት፤ ከአንቺ አፍ አትሰማም። ሰውነቷ እንዳይከሳ ግን ሐኪሟ እንቁላልና ሥጋ ካለ እሱ ይቀድማል። የቀረውን የጾሙ ማዕድ ራሱ ይሠራዋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ ፋይበር የሞላባቸው ናቸው፤ አንጀት ውስጥ ያሉት የራሷ ባክቴሪያዎች ያንን ፋይበር አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። እንግዳ ባክቴሪያ ከማስገባት ያሉትን ማብላት ይቀላል። ተቅማጥ ከያዛት ወይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንጀቷ ገና ካልጠና ግን ፋይበሩም ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ ልም ያለ የሩዝ ሾርባ፣ አጥሚት ይሁን።

አንድ ነገር አደራ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ እንክብሉንም፣ ከጠበል መልስ የሚሰጧትን ቅጠልም፣ የጎረቤቷን ጥቁር አዝሙድና ማርም አንድ ሳታስቀሪ አውጥተሽ ዘርዝሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው። ቢቆጣሽ ይቆጣሽ። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የባክቴሪያ ስም ራሱ ያንብብ።

ለአክስትሽም ደውይላት። በፍቅር የላከችው ነውና ክፉ አትናገሪያት፤ ሐኪሙ ለጊዜው አቆዪው ብሏል በያት። በሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ግን የእንክብሉን ገንዘብ ጥሩ ቴርሞሜትር ትግዛበት። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶም አያስተኙትም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ሌሊት መኪና የሚያወጣ ሰው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቀሽ ስልኩን ያዢ፤ የእኔንም ስልክ ማታ አላጠፋውም።